የንግግር ድምፅ በክሊፕ ሳይሆን በትራክ ይስተካከላል

ቪዲዮ ማቀናበር በጀመርኩ ሰሞን አንድ የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ቆራርጬ ከ200 በላይ ክሊፕ (ቁራጭ) ሆነ። በእያንዳንዱ ላይ ኢኩዋላይዘር (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ማመጣጠኛ) እና ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውን ዝቅ አድርጎ ከዝግተኛው ጋር ማቀራረቢያ) ጭኜ አስረከብኩ። ባለጉዳዩ ሰምቶ «ድምፄ ጎርነን አለብኝ፣ ትንሽ ቀለል አድርግልኝ» ሲለኝ ሁሉንም አንድ በአንድ መክፈት ነበረብኝ። ሌሊቱ በዚሁ ነጋ። አሁን የምሠራበትን መንገድ የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ትራኮቹን፣ ማለትም ክሊፖቹ የሚደረደሩባቸውን የድምፅ መስመሮች፣ ለዩ። እያንዳንዱ ተናጋሪ በራሱ ትራክ፣ ሙዚቃው ለብቻው፣ የአካባቢው ድምፅም ለብቻው ይቀመጥ። ኢኩዋላይዘርና ኮምፕሬሰር የሚጫኑት በትራኩ ላይ ነው። የንግግር ትራኮቹን ደግሞ በአንድ ላይ ሰብስቡ፤ ፕሪሚየር ፕሮ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ መሰብሰቢያው ሰብሚክስ ይባላል። ያኔ «ቀለል ይበል» የሚል ሰው ሲመጣ የምታዞሩት አንድ ቁልፍ ብቻ ይሆናል።

ክሊፕ ላይ የሚነካው ጌይኑ (የድምፁ ከፍታ መጠን) ነው። ተናጋሪው ከማይኩ ሲርቅ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲስቅ ይዘላል። ይህ አስቀድሞ ካልተስተካከለ ኮምፕሬሰሩ ጮክ ያለውን እየደፈጠጠ ዝግ ያለውን ሳይነካ ያልፈዋል፤ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል።

አሁን ወደ ቆረጣው። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለዓይን ኢምንት ነው፤ ለጆሮ ግን ብዙ ነው። «ጠዋት» የሚለውን ቃል ውሰዱ። የ«ጠ» ፍንዳታ ከአንድ ፍሬም ሊያጥር ይችላል፤ መቁረጫችሁ ከፍሬም ወደ ፍሬም ብቻ የሚዘል ከሆነ ወይ ፍንዳታውን ትቆርጡታላችሁ፣ ወይ የፊተኛውን ቃል ጭራ ታስቀራላችሁ። ፕሪሚየር ፕሮ ላይ የታይምላይኑን ሜኑ ከፍታችሁ በድምፅ የጊዜ መለኪያ እንዲያሳይ አድርጉ፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው ሌላ ማቀናበሪያ ላይ ፌርላይት ወደሚባለው የድምፅ ገጽ ግቡ። ሁለቱም ከፍሬም ባነሰ ርቀት ያስቆርጣሉ።

ዝምታን በራሱ የሚቆርጠውን መሣሪያም በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። «ሰጠ» ስንል «ጠ» ይጠብቃል፤ ከመፈንዳቱ በፊት ምላስ አየሩን ዘግቶ ድምፅ የሚጠፋባት ቅጽበት አለች። መሣሪያው አጫጭር ዝምታን ሁሉ እንዲያወጣ ከታዘዘ እሷንም ዝምታ ናት ብሎ ይወስዳታል፣ ቃሉም ይላላል። ከግማሽ ሰከንድ በታች ያለውን ዝምታ እንዳይነካ ወስኑለት።

በየቁራጩ መገናኛ ላይ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ የሚሆን ፌድ (ድምፁን ቀስ በቀስ ዝቅና ከፍ ማድረጊያ) ጨምሩ። ያለዚያ ሞገዱ ከአንድ ከፍታ ወደ ሌላው በድንገት ስለሚዘል «ጠቅ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። በንግግሮች መካከል የሚቀረውን ክፍተት ደግሞ ባዶ አትተዉት፤ ቀረጻው ላይ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የተቀዳ 30 ሰከንድ የክፍሉ ድምፅ ካላችሁ ከሥር ዘርጉት።

ትራኩ ላይ የኢፌክቶቹ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። ሹሹታ መቀነሻው ይቅደም፤ ኮምፕሬሰር ከቀደመው ሹሹታውንም አብሮ ከፍ ያደርገዋል። ቀጥሎ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ ቁረጡ። ከዚያ ኮምፕሬሰር፣ ምጣኔው 3 ለ 1፤ የኮምፕሬሰሩ መርፌ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል መቀነሱን ሲያሳይ ካያችሁ ይበቃል። የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት ከዚህ በኋላ ጆሮ ከወጋ ፉጨቱን የሚቀንሰውን ዲኤሰር ጨምሩ።

ማጀቢያ ሙዚቃ ንግግሩን ሲሸፍነው ብዙ ሰው ሙዚቃውን ዝቅ ያደርገዋል፣ ያኔ ሙዚቃው ይሞታል። እኔ ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለውን ብቻ ከሙዚቃው ላይ በ3 ዴሲቤል አጎድላለሁ። ቃላትን የምንለይባቸው ድምፆች በብዛት እዚያ ስላሉ ንግግሩ ቦታ ያገኛል፣ ሙዚቃውም ሙላቱን አያጣም።

በመጨረሻ የድምፁን መጠን በላፍስ (ጆሮ የሚሰማው አማካይ ጩኸት በሚለካበት አሃድ) ለኩ። ዩቲዩብ ከ-14 ላፍስ በላይ የሆነውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ የአውሮፓ ስርጭት መለኪያ -23 ነው። ዋናው መውጫ ላይ ሊሚተሩን፣ ድምፁ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚያግደውን፣ -1 ዴሲቤል ላይ አቁሙት። ከዚያ ሥራውን በስልክ ስፒከር፣ ድምፁን ቀንሳችሁ፣ ምስሉን ሳታዩ አዳምጡ። ጆሯችሁን ወደ ስልኩ ያስጠጋችሁን ዓረፍተ ነገር ሰዓቱን ጻፉና ተመልሳችሁ የዚያን ክሊፕ ጌይን ከፍ አድርጉ።