«በአንድ ቻርጅ ስንት ይሄዳል?» መልሱን ከራሳችሁ መኪና አውጡት

የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ይህ ጥያቄ አያልፈውም። ጎረቤት ይጠይቃል፣ መኪና አጣቢው ልጅ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ይጠየቃል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን «400 ኪሎ ሜትር» እል ነበር። ሻጩ ያለኝ ይህንኑ ነው። ባትሪው ሲሞላ ዳሽቦርዱም 400 ያሳያል።

ቁጥሩ የመጣው ሲኤልቲሲ ከሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራ ፈተና ሲሆን፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የኔ መኪና በእኛ መንገድ የሚሄደው 280 ገደማ ነው። ይህን ያወቅኩት ከአዳማ ስመለስ መንገድ ላይ ከቀረሁ በኋላ ነው። እናንተ እንዳትቀሩ ሂሳቡን እንዲህ ሥሩት።

1. ሁለቱን ቃላት ለዩ

ኪሎ ዋት ሰዓት የጀሪካኑ ልክ ነው። ኪሎ ዋት ደግሞ ውሃው ከቧንቧው የሚወርድበት ፍጥነት። ባትሪ በኪሎ ዋት ሰዓት ይለካል፣ ቻርጀር በኪሎ ዋት።

2. ባትሪው በእውነት ስንት እንደሚይዝ አውጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ልክና መጠቀም የምትችሉት ልክ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አምራቾች ባትሪው እንዳይጎዳ ከላይም ከታችም ትንሽ ያስቀራሉ። ለምሳሌ በአውሮፓ የተሸጠው ትልቁ የፎልክስዋገን አይዲ 4 ባትሪ ጠቅላላ ልኩ 82 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ለመንዳት የሚውለው 77 ነው። ባትሪው እያረጀ ሲሄድ ደግሞ ይህም ይቀንሳል። ያገለገለ መኪና ለምትገዙ ሰዎች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ባትሪው 90 በመቶ ሲሆን የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉ። እንደ ልማዳችሁ ንዱ። 50 በመቶ ሲደርስ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትርና መኪናው የሚያሳየውን አማካይ ፍጆታ። እኔ 112 ኪሎ ሜትር ሄጄ ነበር። ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 15.5 ኪሎ ዋት ሰዓት አለ። ስለዚህ የወሰደብኝ 17.4 ገደማ ነው። ይህ የባትሪው 40 በመቶ ከሆነ፣ ሙሉው 43.4 ይሆናል። የተሸጠልኝ 45 ተብሎ ነው።

10 በመቶ ብቻ ነድታችሁ አትለኩ። የመቶኛው ቁጥር ራሱ አንድ ሁለት ነጥብ ሊስት ስለሚችል ሂሳቡ ይበላሻል። ባትሪው ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከመለካታችሁ በፊት አንዴ እስከ 100 ሙሉት። ቮልቴጁ ከላይ እስከ ታች ብዙ ስለማይለዋወጥ፣ ሳይሞላ ከከረመ መኪናው የቀረውን በትክክል ማወቅ ይቸግረዋል።

አፕሊኬሽን አውርዶ፣ የመመርመሪያ መሣሪያ ሰክቶ የሚለካም አለ። ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ በቂ ሆኖልኛል።

3. ፍጆታውን በመንገድ በመንገዱ ያዙ

አንድ አማካይ ቁጥር ይዛችሁ ከከተማ አትውጡ። የእኔ ጥፋት ይኸው ነበር።

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻ አጠገብ። አንድ ቅዳሜ አራት ሆነን በ65 በመቶ ተነሳን። አዳማ ስንደርስ የቀነሰው 22 በመቶ ብቻ ነው። ደስ አለኝ። ለመመለሻም 22 ይበቃል ብዬ ቻርጅ ሳላደርግ ከተማ ውስጥ ዞርን። ሙቀት ስለነበር ኤሲው አልጠፋም። ስንነሳ 37 በመቶ ነበረን።

የረሳሁት ነገር አዳማ ቁልቁል መሆኑን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዳማ 1,600 ገደማ ላይ። ስንሄድ ቁልቁለቱ ረድቶናል። ስንመለስ ያንን ሁሉ ከባትሪው መክፈል ነበረብን። ቱሉ ዲምቱ ከመሃል ከተማው ዝቅ ስለሚል የእኔ ሽቅብ 500 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ያህል ለማውጣት ብቻ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በእኔ ባትሪ ወደ 6 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ የባሰው ግን ፍጥነቱ ነው። እንዳይመሽብኝ ብዬ 120 ነዳሁ። በ120 የአየሩ ግፊት ከ80ው ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ ይበልጣል። ፍጆታው 21 ገባ።

ዱከምን ስናልፍ ዳሽቦርዱ ላይ የኤሊ ምልክት በራ። ነዳጅ መስጫውን ብረግጠውም መኪናው አልሰማ አለኝ። ቱሉ ዲምቱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ዳር ይዤ ቆምኩ። ልጆቹ ከኋላ ዝም አሉ።

አንድ ደግ ሰው ቆሞ በገመድ ልጎትታችሁ አለን። እንኳንም እሺ አላልኩ። ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ይዞራል፤ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ሊቃጠልም ይችላል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ መኪናውን ከነጎማው የሚጭን ተሽከርካሪ ጥሩ።

አሁን ሦስት ቁጥር አለኝ፦ ለከተማ፣ ለቁልቁለት፣ ለሽቅብ። የምቆጥረውም ከ90 እስከ 10 በመቶ ያለውን ብቻ ነው። ያንን ኪሎ ዋት ሰዓት ለመንገዱ ፍጆታ አካፍዬ በ100 ሳባዛው የምሄደው ኪሎ ሜትር ይወጣል። ሽቅቡን በ90 ስነዳው ፍጆታው ወደ 17 ይወርዳል። የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ ምቹ ነው፤ ፈረንጅ አገር በክረምት እንደሚሆነው ብርድ አይበላውም።

4. ቤት ውስጥ ስትሞሉ

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 10 አምፔር ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት 2.2 ኪሎ ዋት ነው። እኛ ዳር ያለነው ግን ምሽት ላይ፣ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ፣ ቮልቴጁ 180 የሚደርስበት ጊዜ አለ። ያኔ ወደ 1.8 ይወርዳል። ስለዚህ ከለሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ሰኩ። ቆጣሪያችሁ 20 ሲቆጥር ባትሪው ውስጥ የሚገባው 17 ገደማ ነው። ቀሪው በሙቀት ይጠፋል።

ዲቫይደርና ኤክስቴንሽን በፍጹም አትጠቀሙ። እኔ በረንዳ ላይ የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ሰክቼ ተኝቼ ነበር። ለሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። የስፒናው አንዱ እግር ጠቁሮ ሶኬቱ ላይ ተጣብቋል። ብሬከሩ አልወረደም። ሊወርድም አይችልም፤ የተሳበው ከልኩ አላለፈም፣ ችግሩ የላላው ግንኙነት ነው። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ከቆጣሪው ሳጥን ራሱን የቻለ ባለ 4 ሚሊ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና ግራውንድ አስገባሁ። ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪው ምንም አይደለም።

አዲስ ሶኬት ላይ ስትሰኩ የመጀመሪያውን ሰዓት አትተኙ። ሄዳችሁ ስፒናውን በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጃችሁን የሚያሸሽ ከሆነ ቻርጁን ከመኪናው በኩል አቁሙ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ንቀሉት።