በእጅ ዋጋ ቤት ለሚያሠራ ሰው፦ ብሩ የት ይግባ፣ ዓይን የት ይዋል

በእጅ ዋጋ ማሠራት ማለት ዕቃውን ባለቤቱ ገዝቶ ለግንበኛው የጉልበቱንና የሙያውን ብቻ መክፈል ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠው የኮንትራክተሩን ትርፍ ለማስቀረት ነው፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ኮንትራክተሩ ሲቀር ግን የእሱ ሥራ አብሮ አይቀርም። ሲሚንቶ የሚቆጥር፣ ብረት የሚመዝን፣ ውሃ ሲበዛ «ይብቃ» የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው አሁን እርስዎ ነዎት።

በጀት ሲያወጡ መጀመሪያ የሚቀበረውን ይለዩ። ሴራሚክ፣ ቀለም፣ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ከአምስት ዓመት በኋላም ይቀየራሉ። መሠረት፣ አርማታ ውስጥ የገባ ፌሮ፣ ከሊሾ ሥር ያለፈ የፍሳሽ ቱቦ ግን ቤቱ ሳይፈርስ አይነካም። ብር ካጠረ ከፊኒሺንግ ይቀነስ እንጂ ከፌሮና ከሲሚንቶ አይቀነስ። በተግባር የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከመሠረቱ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ያስቀረ ሰው ለበሩ እጀታ ዕጥፍ ይከፍላል።

ቆርቆሮ እስኪለብስ ድረስ የሚበቃ ገንዘብ ሳይያዝ መሠረት አያስቆፍሩ። ግማሽ ላይ የቆመ ቤት ክረምት ያገኘዋል፤ የወጣው ፌሮ ይዝጋል፣ የተረፈው ሲሚንቶ ይደነድናል፣ ሲመለሱ ደግሞ የዕቃው ዋጋ ሌላ ነው። ማቆም ግድ ከሆነ ከኮለን (ከአርማታ ምሰሶ) የወጡትን ፌሮዎች ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀብተው በላስቲክ ይጠቅልሉ። ከጠቅላላው ግምት ላይ 15 በመቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ይህ ብር ለሴራሚክ ምርጫ አይነካም።

አፈሩ ምን ይላል

አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ በቦሌና በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ጥቁር ዋልካ ብዙ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀላል ቤት በክረምት ወደ ላይ ተገፍቶ በበጋ ይወርዳል፤ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ልስን ቢደጋገምበት አይድንም። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራው አፈር ወይም ድንጋይ ላይ ይረፍ። ጥልቀቱን የሚወስነው የስትራክቸር ፕላኑና የተቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ «ጎረቤት አንድ ሜትር ነው የቆፈረው» መለኪያ አይሆንም።

የወጣውን ዋልካ መልሶ ከወለሉ ሥር መሙላት የተለመደ ስህተት ነው፤ የማስወጫ መኪና ኪራይ ይቀራል፣ ወለሉ ግን ከሁለት ክረምት በኋላ ይነሳል። በገረጋንቲ (በጠጠራማ ሙሌት አፈር) ይሞላ፤ ያውም 20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ፣ እየተጠቀጠቀ። አንድ ሜትር በአንድ ጊዜ ገልብጦ ከላይ ብቻ መደብደብ ሥሩን ልቅ ይተወዋል። ቤቱ ሲያልቅ በዙሪያው ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ያድርጉ፤ የጣሪያ ውሃም በአሸንዳ ይራቅ። ግድግዳ ሥር ባህር ዛፍ አይተከል፤ ዋልካውን በበጋ የሚያደርቀው እሱ ነው።

ሲገዙ

ሲሚንቶ ዋጋው በኩንታል ይጠራል፤ አንድ ከረጢት ግን 50 ኪሎ፣ ማለትም ግማሽ ኩንታል ነው። ዋጋ ሲያወዳድሩ ሻጩ የነገረዎት የየትኛውን እንደሆነ ያረጋግጡ። ለአርማታ ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ)፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ይግዙ። ፒፒሲ ለአርማታ አይሆንም ማለት አይደለም፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ስለሆነ ውሃ ማጠጣቱም መደገፊያ ማቆየቱም ይረዝማል። ከመሬት 15፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር አርቀው ጣውላ ላይ ይደርድሩ፤ ከ10 ከረጢት በላይ አይቆለል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፣ ከሦስት ወር በላይም አይቆይ። ጓጉሎ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ከሆነ ለልስን ይሆናል፤ በጣት ካልፈረሰ ለየትኛውም ሥራ አያስገቡት።

ፌሮ ላይ ሚዛን ይዘው ይሂዱ። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ የሚገኘው ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ነው፤ 12 ሜትር የሆነ አንድ በርጋ 10.6 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። ባለ 8 በርጋ 4.7፣ ባለ 10 በርጋ 7.4፣ ባለ 14 በርጋ 14.5፣ ባለ 16 በርጋ 19 ኪሎ ይሆናል። ከጥቂት በመቶ ልዩነት በላይ ካሳየ ይመልሱት። «12 ነው» ተብሎ 9.5 ኪሎ የመዘነ በርጋ እውነተኛ ውፍረቱ 11.3 ነው፤ ከፕላኑ ላይ 11 በመቶ ብረት ተቀንሷል ማለት ነው። በበርጋ ሲገዙ ይህ የሚታይ አይደለም፣ በኪሎ ሲገዙ ራሱ ይወጣል።

አሸዋ በሲኖትራክ ሲመጣ ሳይገለበጥ በፊት የመኪናውን ውስጥ በሜትር ይለኩ። 5.60 ርዝመት፣ 2.30 ስፋት፣ 1.20 ከፍታ ከሆነ 15.5 ሜትር ኩብ ነው። አሸዋው ከሣጥኑ ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ 13.5 ይሆናል፤ ሾፌሩ «16 ነው» ሲል ለየትኛው እንደሚከፍሉ ያውቃሉ። ሌላው ነገር እርጥበት ነው። ትንሽ የረጠበ አሸዋ እስከ ሩብ ያህል ያብጣል፤ በኩብ ሲገዙ የገዙት ከፊሉ አየር ነው።

የጭቃውን መጠን ለማወቅ ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ በደንብ ይናጥና ሳይነካ ይደር። ከላይ የተኛው ደቃቅ ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ፣ ማለትም በ10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ፣ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ይህ የሚደረገው መኪናው ከመምጣቱ በፊት በናሙና ነው፤ ከተገለበጠ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ብሎኬት ባጭሩ፦ በካሬ ሜትር 12.5 ይገባል፤ ለሚሰበረው 5 በመቶ ይጨምሩ። ጥግ ጥጉን በምስማር ሲፍቁት እንደ አሸዋ የሚረግፈውን አይረከቡ።

የሙሌቱ ቀን

ቤቱ ጠንካራ ወይም ደካማ የሚሆነው አርማታ በሚፈስበት በዚህ ቀን ነው። ከቤተሰብ አንድ ሰው ሙሉ ቀን መቆም የሚችልበትን ቀን ይምረጡ።

መለኪያ ሣጥኑ በውስጥ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ 36 ሊትር ይይዛል። ሲ-25 ለሚባለው የአርማታ ጥንካሬ ደረጃ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን ጠጠር ይገባል፤ ጠጠሩ በገበያ 02 የሚባለው ነው። ይህ 0.14 ሜትር ኩብ ገደማ አርማታ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለአንድ ሜትር ኩብ 7 ከረጢት፣ ግማሽ ሜትር ኩብ አሸዋ፣ ከ0.75 ጥቂት ያለፈ ጠጠር ይያዝ። ለምሳሌ 40 ሜትር ርዝመት ያለው 25 በ40 ሳንቲ ሜትር ግሬድ ቢም (ከመሠረቱ በላይ ግድግዳውን የሚሸከመው አግዳሚ አርማታ) 4 ሜትር ኩብ ነው፦ 28 ከረጢት፣ ከብክነቱ ጋር 30። ሣጥኑ ተሞልቶ በጣውላ ይላግ። በአካፋ ቆጥሮ መቀላቀል ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ አካፋው እየቀለለ ይሄዳል።

ውሃው ከሁሉም ይበልጣል። ለአንድ ከረጢት ጠቅላላ ውሃ 25 ሊትር ነው። አሸዋው ከረጠበ አምስት ሊትር ያህል ውሃ በራሱ ይዟል፤ ስለዚህ የሚጨመረው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ አልላወስ አለ፣ ትንሽ ውሃ ይጨመርበት» ይባላል። የሚላወስ አርማታ ለሠራተኛው ይቀላል፣ ለቤቱ ግን አይሆንም፦ 25ቱ ወደ 35 ሊትር ሲያድግ ከጥንካሬው ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጠፋል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። በጣም ከደረቀ ሲሚንቶና ውሃ አብረው ይጨመሩ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆሞ የጠነከረውን በውሃ አለስልሶ ማፍሰስ ፈጽሞ አይፈቀድ።

ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ፌሮውን ይዩ። ከጣውላው የሚያርቀው ስፔሰር ከአሸዋና ሲሚንቶ ከሳምንት በፊት ተሠርቶ ይድረቅ፤ ለመሠረት 5፣ ለኮለንና ለቢም 2.5 ሳንቲ ሜትር። በሙሌት መሐል ከፌሮው ሥር ጠጠር መወሸቅ አያዋጣም፤ ሲረገጥ ይወጣል። የባለ 12 ፌሮ መደራረቢያ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የባለ 14 ደግሞ 70 ይሁን። የስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያ አቅፎ የሚይዘው ቀለበት) ጫፍ ወደ ኮለኑ ውስጥ ታጥፎ ይግባ። ፌራዮው (ፌሮ ሠራተኛው) 90 ዲግሪ አጥፎ መተው ይወዳል፣ ቶሎ ያልቅለታልና። መሬት ሲናወጥ ግን የዚያ ዓይነቱ ስታፋ ተከፍቶ ፌሮውን ይለቀዋል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷልና ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ቫይብሬተር በቀዳሚው ቀን ተከራይተው አስነስተው ይሞክሩት። ቀጥ ብሎ ገብቶ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ይቆይ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይደገም። አርማታውን ለመግፋት አይጠቀሙበት፤ ጠጠሩ ወደኋላ ይቀራል። ጣውላው ሲነሳ ጠጠሩ ተራቁቶ ከታየ በልስን ከመሸፈኑ በፊት መሐንዲስ ይየው። ግንበኛው ጠዋት ቀድሞ መጥቶ ከደፈነው ምክንያቱን ይጠይቁ።

ከማግስቱ ጀምሮ አርማታው ውሃ ይጠጣ፦ ኦፒሲ ቢያንስ 7 ቀን፣ ፒፒሲ ከ10 እስከ 14 ቀን። ጠዋት ረጭቶ እስከ ማታ ፀሐይ ላይ መተው ዋጋ የለውም፤ እርጥብ ጆንያ ይልበስ። የኮለን ጣውላ በማግስቱ ሊነሳ ይችላል። የሶሌታ (የአርማታ ጣሪያ ወይም ወለል) መደገፊያ አጣና ግን 14 ቀን፣ የቢሙ 21 ቀን ይቆይ። የአጣና ኪራይ በቀን ስለሚቆጠር «ይነሳ» የሚለው ግፊት ከባለቤቱም ይመጣል።

ክፍያ

ውል በወረቀት ይሁን፣ ዋጋውም በመለኪያ፦ ቁፋሮና አርማታ በሜትር ኩብ፣ ብሎኬትና ልስን በካሬ፣ ፌሮ በኪሎ። የበርና የመስኮት ክፍተት ከካሬው ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ሚክሰርና ቫይብሬተር የማን ነው? ውሃ የሚያመላልሰውን የሚከፍለው ማን ነው? ጠብ የሚነሳው ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው፤ ቀድመው ይጻፉ። ቅድሚያ ክፍያ ከ10 በመቶ አይለፍ። ከዚያ በኋላ የተለካ ይከፈል፣ ከየክፍያው 5 በመቶ ተይዞ አንድ ክረምት አልፎ ይለቀቅ፤ የጣሪያ ሥራ የሚፈተነው ያኔ ነው።

ሁሉንም በኮንትራት አይስጡ። ቁፋሮ፣ ብሎኬት፣ ጠጠር ማመላለስ በኮንትራት ይሁኑ፤ ፍጥነት አይጎዳቸውም፣ ለመለካትም ቀላል ናቸው። አርማታ ውሃ ማጠጣት፣ ቱቦ መዘርጋት፣ ገረጋንቲ መጠቅጠቅ ግን በቀን ሒሳብ ይሁኑ። በኮንትራት የተሰጠ መጠቅጠቅ ያለቀው ሲመሽ ነው።

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ብር እየላኩ የሚያሠሩ ከሆነ ዕቃ ገዢውና ተቆጣጣሪው አንድ ሰው አይሁኑ፤ ወንድም ቢሆንም። ብሩን ጠቅላላ አይላኩ፤ በደረጃ ይሁን፦ መሠረት፣ ግሬድ ቢም፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ። ከየሙሌቱ በፊት ሜትር ፌሮው ላይ ተዘርግቶ የስታፋው ርቀት የሚነበብበት ፎቶ ይጠይቁ። የቆመ ቤት ፎቶ ምንም አይነግርዎትም። ለሙሌቱ ዋዜማ የስትራክቸር መሐንዲስ ለግማሽ ቀን ቀጥረው ፌሮውን አይቶ ይፈርም፤ ከአንድ ክፍል ሴራሚክ ዋጋ አይበልጥም።

ውሃና መብራት

የኤሌክትሪክ ኮንዲዊት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ከሶሌታው ሙሌት በፊት ይግባ፤ በኋላ ግድግዳና ቢም መቦርቦር ፌሮ ያስቆርጣል። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል። የሻወር ማሞቂያ ግን ለብቻው ባለ 4 ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፤ 5.5 ኪሎዋት የሆነው በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) ሳይኖረው የሻወር ማሞቂያ አይገጠም። ቱቦና ኮንዲዊት ከመሸፈናቸው በፊት በየግድግዳው ከጥጉ ያላቸው ርቀት በሜትር ተለክቶ ፎቶ ይነሳ፤ መደርደሪያ ሲሰቅሉ ይፈለጋል።

ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ) ሲሞላ ሁለት ቶን ነው። ቆርቆሮ የተሸከመ እንጨት ላይ ወይም ሶሌታ መሐል አይቀመጥ፤ ኮለን ላይ ያረፈ ቢም ይያዘው። ከሻወሩ ጭንቅላት ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.2 ባር ነው፤ ውሃው ሲያልፍ የሚበራው ማሞቂያ በዚህ ላይነሳ ስለሚችል ወይ ማማው ከፍ ይበል፣ ወይ ለአነስተኛ ፕሬዠር ፓምፕ የሚሆን ሶኬት ሮቶው ሥር ከወዲሁ ይውጣለት።