አምኖ የተፈረደበት ሰው በቅጣቱ ላይ ይግባኝ የሚለው እንዴት ነው?

«አምኗል እኮ! ምን ይግባኝ አለው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ግማሽ እውነት ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 185 ያመነ ሰው በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ እንዳይል ይከለክለዋል። በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ግን በሩ ክፍት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ያዙ። ይግባኝ ማለታችሁን ለፈረደው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የምታሳውቁት ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ነው። ዝርዝር ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። ሰው ግልባጭ ሲጠብቅ 15ቱን ቀን ያሳልፋል። አትጠብቁ። የታሰረ ሰው በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል ማስገባት ይችላል።

እንደኛ ወሎ ላይ ከሆናችሁ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት ፍርድ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ማለትም ደሴ ወይም ወልዲያ ይሄዳል። ከፍተኛው በመጀመሪያ ደረጃ ከፈረደ ወደ አማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ባሕር ዳር ከመሄዳችሁ በፊት ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደሴ ላይ ያለውን ምድብ ችሎት ጠይቁ።

ዋናው ሥራ ማመልከቻው ነው። ራፖር ጸሐፊዎች (ማመልከቻ በክፍያ የሚጽፉት) ለቅርጹ ጥሩ ናቸው፤ ለይዘቱ ግን አልመክርም። «ልጆቼ ተበተኑ» ብለው ገጽ ይሞላሉ። የማውቀው አንድ የሐይቅ ከተማ ሰው ደግሞ «መጀመሪያም አላጠፋሁም» ብሎ ጻፈ። «አያስቀርብም»፣ ማለትም ይግባኙ ሌላውን ወገን ለመልስ አያስጠራም፣ ተባለና መዝገቡ ተዘጋ።

ግልባጩን ይዛችሁ ሒሳቡን ሥሩ። ፍርድ ቤቱ ከየትኛው እርከን (የቅጣት ደረጃ) ተነሣ? ምን ማክበጃ ጨመረ? የትኛውን ማቅለያ ያዘ፣ የትኛውን ዘለለ? በቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 አንድ ጠቅላላ ማቅለያ አንድ እርከን ያወርዳል። ክሱን አምኖ መጸጸትና የተበዳይን ጉዳት መካስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82(1)(ሠ) ማቅለያ ናቸው። በአባጋር (በወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ወይም በሽማግሌ ፊት ካሳ ከፍላችሁ ወረቀቱን አስገብታችሁ ከነበረና ፍርዱ ስለዚያ ዝም ካለ፣ ጠንካራው ነጥባችሁ እሱ ነው። አዲስ ማስረጃ ይግባኝ ላይ ይዞ መምጣት ግን አስቸጋሪ ነው።

ቅሬታችሁን በተራ ቁጥር ለዩት፤ ሐተታ አታብዙ። መጨረሻ ላይ የምትፈልጉትን በግልጽ ጠይቁ። ገደብ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳይፈጸም እንዲቆይለት፣ የሚፈልግም እዚያው ይጻፈው።

ያስቀርባል ከተባለ ዐቃቤ ሕግ መልስ ይሰጣል። ይግባኝ ማለት ብቻውን እስሩን አያቆምም። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ሊል እንደሚችል አትርሱ።

ቀኑ ካለፈባችሁ በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 191 የማስፈቀጃ ማመልከቻ አለ። የዘገያችሁት በራሳችሁ ጥፋት አለመሆኑን ማሳየት አለባችሁ፤ ታማችሁ ከነበረ የሕክምና ወረቀቱን አያይዙ።