የመሰንቆ ተጫዋችና ሠሪ የነበሩ አባት የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

ለአርባም ይሁን ለሰደቃ፣ ደሴም ይሁን ወልድያ፣ የሚነበበው ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ። ድንኳን ውስጥ ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚያዳምጥ የለም።

ብዙ የሚያከራክረው የትውልድ ዘመን ነው። «መቼ ተወለዱ?» ማለት ግምት ብቻ ያመጣል፤ እኩዮቻቸውን «በ66ቱ ድርቅ አግብተው ነበር? በ77ስ የት ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰነዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር 31 ላለው ቀን 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ላለው 8 ዓመት ቀንሱ።

አሮጌ ካሴት ካላቸው ከማጫወታችሁ በፊት ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን ፕላስቲኮች ስበሩ። አለዚያ ጣት ስቶ መቅጃውን ከነካ ድምፃቸው ይጠፋል። ለዓመታት የተቀመጠ ክር ስለሚጣበቅም አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት።

«ጎበዝ ተጫዋች ነበሩ» ምንም አይናገርም። ከቅኝቶቹ ባቲ ይቀናቸው ነበር ወይስ አምባሰል? የመሰንቆው ቆዳ የምን ነበር? የፈረስ ጭራውን ከየት ያመጡ ነበር? መሮና ሞረዱ ለዘመድ ሳይከፋፈል፣ በነበረበት ቦታ ፎቶ አንሱት።

የልጆችን ስም በዕድሜ ተራ ጻፉ፤ ከሌላ እናት የተወለዱትም፣ የሞቱትም ይግቡ። አንድ ስም ከቀረ ድንኳኑ ይታመሳልና ከመነበቡ በፊት ለታላቅየዋ እህት አስነብቡ።