መደበኛው ወይስ ደረጃው ከፍ ያለው? የድሮ መልክ ያለው ሞተር ሳይክል ሲመርጡ

የድሮ መልክ ይዞ የሚመረት ሞተር ሳይክል ሊገዛ ያሰበ ሰው ሞዴሉን ከመረጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሌላ ምርጫ ይጠብቀዋል። ሞተራቸው አንድ የሆነ፣ ከሩቅ ሲታዩም እምብዛም የማይለያዩ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንደኛው መደበኛው ሲሆን ሌላው በስሙ መጨረሻ ላይ «አር»፣ «አርኤስ» ወይም «ኤስኢ» የሚል ቅጥያ ታክሎበት ዋጋውም ከፍ ብሎ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን ባለ 903 ሲሲ ዜድ 1 የሚያስታውሰው የካዋሳኪ ዜድ 900 አርኤስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መደበኛውም ሆነ ኤስኢ የተባለው ያንኑ ባለ 948 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ይጋራሉ፤ ኤስኢው በዋናነት የሚለየው ከኋላ በተገጠመለት የኦሊንስ አሞርዛተር፣ ከፊት ባሉት የብሬምቦ ካሊፐሮች (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫኑት ክፍሎች) እና በቀለሙ ነው። ተጨማሪው ገንዘብ ፍጥነት አይጨምርም ማለት ነው።

«የቱ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያራምድም፤ ወረቀት ላይ ውዱ ምንጊዜም ይሻላልና። የሚጠቅመው ጥያቄ፣ ልዩነት ተብለው ከተዘረዘሩት ነገሮች ውስጥ በኋላ ገዝቶ መግጠም የሚቻለው የትኛው ነው፣ ከፋብሪካ ካልመጣ ጨርሶ የማይገኘውስ የትኛው ነው የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ የሁለቱን ዝርዝር መግለጫ ጎን ለጎን ያስቀምጡና ተመሳሳይ የሆነውን ሁሉ ይሰርዙ። የሚቀረው ከጠበቁት በላይ አጭር ይሆናል። ከእሱም ላይ ቀለሙን፣ ወርቃማ ቅቡን፣ የመቀመጫውን ስፌትና አርማውን ለብቻ ያውጧቸው። የድሮ መልክ ያለው ሞተር ሳይክል እየገዛ «ለመልክ አልከፍልም» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል፤ ይሁን እንጂ ለቀለም የሚከፍለውን ለቀለም መሆኑን አውቆ ቢከፍል መልካም ነው።

በኋላ የማይጨመሩት ነገሮች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። ሮያል ኤንፊልድ ሃንተር 350 እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ሬትሮ እና ሜትሮ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ነበሩት፤ ባለ 349 ሲሲው ሞተር በሁለቱም ላይ አንድ ነው። ርካሹ ሬትሮ ባለ ራጂ ቸርኬ፣ ከኋላ ታምቡር ፍሬንና የፊቱን ጎማ ብቻ የሚቆጣጠር ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ሲኖረው፣ ሜትሮው ከቅይጥ ብረት የተሠራ ቸርኬ፣ ከኋላም የዲስክ ፍሬንና ሁለቱንም ጎማዎች የሚቆጣጠር ኤቢኤስ ነበረው። የጎደለውን ኤቢኤስ በኋላ ልጨምር ቢሉ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ዳሳሽ፣ ፍሬኑን የሚለቅና የሚይዘው ክፍል፣ ሽቦውና መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ሁሉ መቀየር ስላለባቸው፣ አስተዋይ መካኒክ ሥራውን አይቀበልም። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥምዎ ያለ ማመንታት ከፍ ያለውን ይግዙ። ሞተር ሳይክሉ ተጋድሞ ሲታጠፍ ጭምር የሚሠራ ኤቢኤስም ሆነ ትልቅ የነዳጅ ታንክ ከዚሁ ወገን ናቸው።

ስለ ቸርኬ አንድ ነገር ልጨምር። ራጂዎቹ ቸርኬውን በስተው ስለሚያልፉና አየር ስለሚያስወጣ፣ ባለ ራጂ ቸርኬ በአብዛኛው የውስጥ ጎማ ይፈልጋል። ጎማው ሲፈነዳ ቸርኬውን ፈትቶ፣ ጎማውን ከቸርኬው አላቆ መለጠፍ የግድ ይሆናል፤ የውስጥ ጎማ የሌለው ግን ምስማሩ ተነቅሎ ቀዳዳው በመድፈኛ ላስቲክ ከተወተፈ በኋላ አየር ተሞልቶ ባለቤቱ መንገዱን ይቀጥላል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 ባለ 1140 ሲሲውን ሲቢ 1100 በሁለት መልክ ሲያቀርብ ኢኤክሱን ባለ 18 ኢንች ራጂ ቸርኬ፣ ስፖርታዊውን አርኤስ ደግሞ ባለ 17 ኢንች ቅይጥ ብረት ቸርኬ አድርጎት ነበር። ራጂው ዓይን ይማርካል፤ ባለ 17 ኢንቹ ግን ሰፊ የጎማ ምርጫ ይሰጣል። እዚህ ላይ «መደበኛ» እና «ከፍ ያለ» የሚሉት ቃላት ትርጉም ያጣሉ፤ የሚመረጠው ጠባይ ነውና።

አብዛኛው የዋጋ ልዩነት የሚሄደው ግን የፊቱን ጎማ ወደሚይዘው ሹካና ወደ ኋላው አሞርዛተር ነው፤ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። መደበኛው ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ የኋላውን ሞላ ማጥበቅና ማላላት ብቻ ይፈቅዳል። ከፍ ያለው በዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ይጨምራል፤ አንደኛው ሹካው ጉድጓድ ሲመታ የሚጨመቅበትን ፍጥነት፣ ሁለተኛው ከተጨመቀ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት በትንንሽ ብሎኖች መወሰን ነው። እነዚህ ብሎኖች ለሚነካቸው ሰው ብዙ ይጠቅማሉ። እኔ ራሴ ሁሉም ነገሩ የሚስተካከል ሹካ ያለውን ገዝቼ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዷንም ብሎን ሳልነካ ነድቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ የከፈልኩት ለወርቃማው ቱቦ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከዚህም የሚበልጠው ነጥብ ሞላው ራሱ ነው። ፋብሪካው ሞላውን የሚመርጠው መካከለኛ ክብደት ላለው ነጂ ስለሆነ፣ 55 ኪሎ ወይም 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሞላው ካልተቀየረለት የቱንም ያህል ውድ አሞርዛተር ቢገዛ ምቾት አያገኝም። ይህን ከመግዛትዎ በፊት መለካት ይችላሉ። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በሹካው አንጸባራቂ ዘንግ ላይ ይሰሩ፤ የፊቱ ጎማ ከመሬት እስኪላቀቅ ሞተር ሳይክሉ ከተነሣ በኋላ ማሰሪያውን ከዘይት መከላከያ ላስቲኩ ጋር እስኪነካካ ይግፉት። ከዚያ ሞተር ሳይክሉ ይውረድና በሚነዱበት ልብስና የራስ ቁር ሆነው፣ ሌላ ሰው እየደገፈልዎ፣ ሁለቱንም እግርዎን መርገጫው ላይ አድርገው ይቀመጡ። ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ፊቱ እንደገና ከተነሣ በኋላ በላስቲኩና በማሰሪያው መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። ልኩ ሹካው ሊጓዝ ከሚችለው ርቀት ከሩብ እስከ ሲሶ፣ ማለትም 120 ሚሊሜትር በሚጓዝ ሹካ ላይ ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ማጥበቂያ ኖሮት እስከ መጨረሻው ጠብቆም ከዚህ በላይ የሚሰምጥ ከሆነ ሞላው ለእርስዎ ክብደት ለስላሳ ነው፤ በዚህ ጊዜ መደበኛውን ገዝቶ ልክዎ የሆነ ሞላ ማስገባት ውዱን እንዳለ ከመንዳት ይበልጣል።

የኋላውን አሞርዛተር መቀየር፣ በተለይ በግራና በቀኝ ሁለት ሆነው የሚታሰሩ ከሆነ፣ ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ የማሰር ሥራ ነው። የፊቱ ሹካ ግን ይከብዳል፤ ሙሉ በሙሉ ልቀይረው ያለ ሰው ከሹካው ሌላ የመሪው ማያያዣ፣ የቸርኬው ዘንግና የካሊፐሩ መያዣ መግጠማቸውንም ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ልዩነቱ የኋላ አሞርዛተር ብቻ ከሆነ መደበኛውን ወስዶ በኋላ መቀየር ያዋጣል፤ ሹካውም አብሮ ከተለየ ከፍ ያለው ይመረጣል። ትራያምፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ትራክስተን አርን ከመደበኛው የለየው በሾዋ ሹካ፣ በኦሊንስ አሞርዛተርና በብሬምቦ ካሊፐር ነበር፤ እንዲህ ሁሉም በአንድ ላይ ሲመጣ ለየብቻ ገዝቶ ማስገጠም ብዙውን ጊዜ ከዋጋው ልዩነት ይበልጣል። ሲያሰሉ የመግጠሚያውን የእጅ ዋጋም ይደምሩ። ውድ አሞርዛተር ተፈትቶ ዘይቱና ጋዙ ሊታደስ መቻሉ በጎ ነው፤ ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅና የናይትሮጂን መሙያ ያለው ጋራዥ በአቅራቢያዎ ከሌለ ይህ ጥቅም ወረቀት ላይ ይቀራል።

ፍሬንን በተመለከተ የሚወራው ከሚገባው በላይ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ጤነኛ የሆነ መደበኛ ፍሬንም ቢሆን ኤቢኤሱን ሊያሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ የመቆሚያውን ርቀት የሚወስነው ጎማው መንገዱን የሚይዝበት አቅም ነው። የተሻለ ካሊፐር የሚሰጠው በአንድ ወይም በሁለት ጣት መጥኖ የመያዝን ምቾትና፣ ቁልቁለት ላይ ደጋግመው ሲይዙት በሙቀት አለመድከሙን ነው። መደበኛው ፍሬን ለስላሳ ከመሰለዎ በመጀመሪያ የተሻለ የፍሬን ሸራና በብረት የተጠለፈ የዘይት ቱቦ ያስገቡ።

ጎማም ማየት ይገባል። ከፍ ያለው ሞዴል ለስፖርት የተሠራ፣ ቶሎ የሚያልቅ ጎማ ተገጥሞለት ሊመጣ ይችላል። በየቀኑ ወደ ሥራ ለሚነዳ ሰው ይህ ወጪ እንጂ ጥቅም አይሆንም።

ሁለቱን ለመሞከር ፈቃድ ካገኙ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ይንዷቸው፤ ከመነሣትዎ በፊት የሁለቱም የጎማ አየር በመመሪያው ልክ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ያለዚያ የሚያነጻጽሩት አየሩን ይሆናል። መንገዱ የተቆራረጠ አስፋልት ቢኖረው ይመረጣል። በ40 ወይም በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጉብታ ሲያልፉ የኋላው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ይረጋል ወይስ ደጋግሞ ያነጥራል? ፍሬን ሲይዙ ፊቱ በዝግታ ይሰምጣል ወይስ በአንድ ጊዜ ይደፋል? ልዩነቱ ካልተሰማዎ አይፈሩ፤ ልዩነቱ ለአነዳድዎ አስፈላጊ አለመሆኑን ሞተር ሳይክሉ ራሱ ነገረዎት ማለት ነው፣ ገንዘቡም ለጥሩ የራስ ቁር፣ ለጓንትና ለአነዳድ ሥልጠና ይውላል። በሌላ በኩል ቅዳሜና እሁድ ጠመዝማዛ መንገድ ፈልገው የሚሄዱ ከሆነ ልዩነቱ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይታወቅዎታል።

የሚገዙት ያገለገለ ከሆነ የማስተካከያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያዙሩ፤ ዝገው የተጣበቁ ከሆነ የከፍተኛው ሞዴል ዋጋ ሊጠየቅባቸው አይገባም። ሲያዙሩ ግን በመጀመሪያ እያንዳንዱን ብሎን ወደ ውስጥ እስኪቆም ድረስ ያዙሩትና የሚያሰማውን ጠቅታ ቆጥረው ይጻፉት፤ ከዚያ በዚያው ቁጥር ወደነበረበት ይመልሱት።