ቀይ ወጥና ቀይ ወይን ሲጣሉ

ቅዳሜ ማታ አራት ኪሎ ቤቴ ሁለት ጓደኞቼን እራት ጠርቼ ነበር። ሚጥሚጣ ጣል ያደረግኩበት ቀይ ወጥ ሠራሁ፣ ድራይ (ስኳር የሌለው) ቀይ ወይን ከፈትኩ። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ፣ አለቀ! አፋችን ነደደ፤ ወይኑም መረረ። ጠርሙሱን ጠርጥሬ ሌላ ከፈትኩ። ያው ነው።

ለካ ወይኑ ምንም አላጠፋም። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል። ቀይ ወይን ውስጥ ያለው፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ደግሞ ከሚያቃጥል ምግብ ጋር ሲገናኝ ምሬቱ ይጎላል።

ትናንት ወጡን ትቼ ጥብስ ሠራሁ። ስብ ያለው የበግ ሥጋ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ፍሬው የወጣለት አንድ ቃሪያ። በርበሬ የለም። ሥጋውን የጋለ ብረት ድስት ላይ በትንሽ በትንሹ ጣልኩት፤ ከተጨናነቀ ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ቡናማ ሲል ግማሽ ስኒ ወይን አፈሰስኩበት። ቸስ ብሎ፣ ድስቱ ሥር የያዘውን ሁሉ አስለቀቀልኝ። እስኪመጥ ጠበቅኩ፤ ካልመጠጠ ይኮመጥጣል።

ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አቆየሁት። ከስቡ ጋር ሲጠጣ ያ ሁሉ ምሬት ለሰለሰ።

ያለ ዶሮ ወጥ አይሆንልኝም ለምትሉ፣ ድራዩን ተዉትና እንደ አክሱሚት ያለ ጣፋጭ ወይን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ሞክሩ።