ስለ «ዱጌ-ትሩዋን» የጦር መርከብ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1800 በፈረንሳይ ሮሽፎር ወደ ውኃ የወረደችው ባለ 74 መድፏ የሸራ መርከብ «ዱጌ-ትሩዋን»፣ ስለ እርሷ የሚጻፈው አጭር ቢሆንም ስህተት አያጣውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው መርከቧ በትራፋልጋር፣ ማለትም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የፈረንሳይንና የስፔንን ጥምር ጦር በስፔን ዳርቻ ባሸነፈበት የባሕር ውጊያ፣ ተማረከች ማለት ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1805 በዚያ ውጊያ መሰለፏ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የተመደበችበት በአድሚራል ዱማንዋር የሚመራው የፊት ጓድ ወደ ውጊያው መሃል የዞረው እጅግ ዘግይቶ በመሆኑ፣ እርሷና ሌሎች ሦስት መርከቦች ከአካባቢው ለመውጣት ችለዋል። የተያዙት ኖቬምበር 4 ቀን፣ በሰሜን ምዕራብ ስፔን ኦርቴጋል በሚባለው የባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ በሪቻርድ ስትራካን የሚታዘዝ የእንግሊዝ ጓድ ሲደርስባቸው ነው። የመርከቧ አዛዥ ክሎድ ቱፌ የሞተውም በዚህ በሁለተኛው ውጊያ ነው። ሁለቱን ቀናት አንድ አድርጎ የሚጽፍ ሰው፣ ዱማንዋርን ለጦር ፍርድ ቤት ያቀረበውን፣ በኋላም በነጻ ያሰናበተውን ክርክር ሳያውቀው ይሰርዘዋል።

ሁለተኛው ስህተት የመለኪያ ነው፤ በእኔ ግምት ብዙ ጉዳት ያደረሰውም እርሱ ነው። መሐንዲሱ ዣክ-ኖኤል ሳኔ ለዚህ ዓይነት መርከብ በንድፉ ያስቀመጠው ርዝመት 172 የፈረንሳይ ጫማ ሲሆን፣ የድሮው የፈረንሳይ ጫማ 32.48 ሳንቲ ሜትር ስለ ነበር ወደ 55.9 ሜትር ይመጣል። ይህንኑ ቁጥር በእንግሊዝ ጫማ ያሰላ ጸሐፊ 52.4 ሜትር ብሎ ከመርከቧ ላይ ከሦስት ሜትር በላይ ይቆርጣል። በመድፉም እንዲሁ ነው፦ የታችኛው ወለል ባለ 36 ፓውንድ መድፍ ጥይት በፈረንሳይ ሚዛን 17.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ የእንግሊዙ ባለ 32 ግን 14.5 ኪሎ ብቻ ነው። ልዩነቱ አራት ፓውንድ ብቻ የሚመስለው ሁለቱ ፓውንዶች እኩል ናቸው ብሎ ላሰበ ሰው ነው።

«74» የሚለውን ቁጥርም እንደ ኃይል መለኪያ ብቻውን መውሰድ አይገባም። በንድፉ መሠረት 28ቱ ባለ 36፣ 30ዎቹ ባለ 18፣ 16ቱ ባለ 8 ፓውንድ ሲሆኑ፣ አጫጭሮቹ መድፎች ከቁጥሩ ውጭ ነበሩ።

ሽንፈቱን በንድፉ ማሳበብ ሌላው ስህተት ነው። በሳኔ ንድፍ ከ100 በላይ መርከቦች ታዝዘዋል፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ድክመት ይልቁንም በእንግሊዝ ከበባ ወደብ ውስጥ ተዘግተው ልምምድ ባጡት መርከበኞቹ ላይ ነበር። እንግሊዞችም መርከቧን «ኢምፕላከብል» ብለው እንደገና ለውጊያ አሰለፏት፤ በ1808 በባልቲክ ባሕር «ሴንቶር» ከተባለው የእንግሊዝ መርከብ ጋር ሆና «ቭሴቮሎድ» የተባለውን የሩስያ የጦር መርከብ ተዋግታለች። ታሪኳን በ1805 የሚዘጋ ጽሑፍ ይህን ሁሉ፣ ከ1855 ጀምሮ በእንግሊዝ ዴቨንፖርት ወደብ የወጣት መርከበኞች ማሠልጠኛ የሆነችበትንም ዘመን ይተዋል።

በመጨረሻም፣ በጦርነት አልሰጠመችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጥገናዋ የሚያስፈልገው ወጪ ስለ ከበደ፣ ፈረንሳይም መልሶ የመውሰዱን ግብዣ ስላልተቀበለች፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1949 የሁለቱ አገሮች ባንዲራ እየተውለበለበባት በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የባሕር ወሽመጥ (እንግሊዝ ቻናል) ሆን ተብሎ በፈንጂ እንድትሰጥም ተደረገ። «ምንም አልቀረም» የሚሉም ይሳሳታሉ፤ ባለ መስኮቱ የኋላ ግንባሯና በአፍንጫዋ ላይ የነበረው ቅርጽ አስቀድመው ተነቅለው በግሪኒች የባሕር ሙዚየም ይገኛሉ።